ፖታሲየም ሲጨምር የቱ ይቅደም? ለተረኛ ነርስ የተጻፈ ማነጻጸሪያ

ከላብራቶሪ ስልክ ይደወላል። «የአልጋ 9 ታካሚ ፖታሲየም 7.1 ነው።» ሐኪሙ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ እስኪመጣ ደቂቃዎች ይፈጃል። የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ስትከፍቱ ካልሲየም ግሉኮኔት አለ። ኢንሱሊን አለ፣ 40 በመቶ ግሉኮስ አለ፣ ሳልቡታሞል አለ፣ ላሲክስም አለ። የቱን ታዘጋጃላችሁ?

አዲስ ከተመደቡ ነርሶች ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሁሌም የሚመጣው «የቱ ይሻላል?» ተብሎ ነው። እኔ ደግሞ ሁሌም «ለየትኛው ሥራ?» ብዬ እጠይቃለሁ። እነዚህ መድኃኒቶች የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ካልሲየም ልብን ይጠብቃል፤ ከፖታሲየሙ ግን ምንም አይቀንስም። ኢንሱሊንና ሳልቡታሞል ፖታሲየሙን ከደም ወደ ሴል ውስጥ ይገፉታል፤ ከሰውነት አያስወጡትም። በእውነት የሚያስወጡት ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት)፣ በአንጀት ውስጥ ፖታሲየም የሚይዙ መድኃኒቶችና የኩላሊት እጥበት ናቸው። ቤት ሲቃጠል ልጁን ማውጣትና እሳቱን ማጥፋት ሁለት ሥራ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ስለዚህ የምናነጻጽረው በየሥራው ውስጥ ነው።

ትእዛዙን የሚሰጠው ሐኪሙ ወይም የተቋማችሁ ፕሮቶኮል ነው። ከታች የምጽፋቸው መጠኖች ለአዋቂ የተለመዱት ናቸው፤ ለሕፃናት በክብደት ይሰላል። ቢሆንም አልጋው አጠገብ የምትቆየው ነርሷ ናት። ምን እንደሚመጣ አስቀድማ ካወቀች ብዙ ደቂቃ ታተርፋለች።

ቁጥሩ የታካሚው ነው ወይስ የቱቦው?

የመጀመሪያው ምርጫ ከመድኃኒት በፊት ይመጣል፦ ደሙን ደግሞ መላክ ወይስ ማከም?

ጤናማ የደም ፖታሲየም ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል በሊትር አካባቢ ነው። 5.5 ሲደርስ ከፍ ብሏል እንላለን። 6.0 ሲያልፍ መካከለኛ፣ 6.5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ ከባድ ነው። ሰውነታችን ውስጥ ካለው ፖታሲየም 98 በመቶው ሴል ውስጥ ነው የሚገኘው። ስለዚህ በቱቦው ውስጥ ቀይ የደም ሴሎች ከፈነዱ ቁጥሩ በውሸት ይወጣል። ቀጭን መርፌ፣ ሲሪንጁን በኃይል መሳብ፣ ቶርኒኬት ለረጅም ጊዜ ማሰር፣ «እጅዎን ጨብጠው ይልቀቁ» ብሎ ደጋግሞ ማስጨበጥ፣ ናሙናው ሳይላክ ጠረጴዛ ላይ ማደሩ ሁሉም ይህን ያመጣሉ።

ብዙዎቻችን የምንረሳው ግን የቱቦ ቅደም ተከተልን ነው። ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ ውስጥ ያለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ራሱ የፖታሲየም ጨው ነው። ከሐምራዊው ወደ ቀዩ ደም ከገለበጣችሁ ፖታሲየሙ ሰማይ ይነካል፤ ካልሲየሙ ደግሞ አለቅጥ ይወርዳል። ሁለቱን አንድ ላይ ካያችሁ መጀመሪያ ቱቦውን ጠርጥሩ። ሁሌም ቀዩ ወይም ቢጫው ይቅደም፣ ሐምራዊው ይከተል።

ታዲያ መድገም ወይስ ማከም? እንዲህ ነው የማየው። ታካሚው ወጣት ነው፣ ኩላሊቱ ደህና ነው፣ ፖታሲየም የሚጨምር መድኃኒት አይወስድም፣ ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) ንጹሕ ነው፣ ላብራቶሪውም «ደሙ ፈንድቷል» ብሏል እንበል። ያለ ቶርኒኬት ወይም በአጭር ማሰር ቶሎ ደግማችሁ ላኩ። ታካሚዋ የኩላሊት ሕመምተኛ ከሆነች ወይም ኢሲጂው ከተለወጠ ግን ድጋሚውን እየላካችሁ ሕክምናውን ጀምሩ። ውጤት ስትጠብቁ ልብ ሊቆም ይችላል።

ኢሲጂው ላይ መጀመሪያ የሚታየው የቲ ሞገድ መሾል ነው፤ እንደ ጎጆ ቁንጮ ጠበብ ብሎ ይቆማል። ቀጥሎ የፒ ሞገድ ይተኛል፣ ከዚያም ይጠፋል። ከዚያ ኪውአርኤስ ይሰፋል። ኪውአርኤስ እየሰፋ ከቲ ጋር ከተዋሐደ ልቡ ሊቆም ነው ማለት ነው። ግን ኢሲጂው ደህና ስለመሰለ አትዘናጉ። በጣም ከፍ ባለ ፖታሲየምም ደህና የሚመስል ኢሲጂ ያጋጥማል።

ልብን ለመጠበቅ፦ ግሉኮኔት ወይስ ክሎራይድ?

ኢሲጂው ከተለወጠ ካልሲየም ይቅደም። ለዚህ ሥራ ተወዳዳሪ የለውም። ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል።

ምርጫው ያለው በሁለቱ የካልሲየም ዓይነቶች መካከል ነው። 10 ሚሊ ሊትር የ10 በመቶ ካልሲየም ክሎራይድ 6.8 ሚሊሞል ካልሲየም ይዟል። ያንኑ ያህል ግሉኮኔት የሚይዘው 2.2 ገደማ ብቻ ነው። ሦስት እጥፍ ልዩነት ነው። ስሙን ሳያነቡ ብልቃጡን ብቻ አይቶ መሳብ የሚያመጣውን አስቡት።

እኔ ዋርድ ላይ ግሉኮኔትን እመርጣለሁ። ምክንያቴ የደም ሥሩ ነው። ክሎራይድ ከሥሩ ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ከፈሰሰ ቆዳውን ይገድለዋል። በእጅ ጀርባ ላይ በተተከለች ቀጭን ካኑላ መስጠት አይገባም፤ ማዕከላዊ መስመር ወይም አስተማማኝ ትልቅ ሥር ይፈልጋል። ልብ ከቆመና ልብን የማስነሳት ሥራ (ሲፒአር) እየተሠራ ከሆነ ግን ክሎራይዱ ቦታ አለው። ግሉኮኔትም ቢሆን ከሥር ከወጣ ይጎዳል፤ ስለዚህ ከመግፋታችሁ በፊት ካኑላውን በሳላይን ፈትሹ።

መጠኑ ከፕሮቶኮል ፕሮቶኮል ይለያያል። ብዙ ቦታ 10 ሚሊ ሊትር ግሉኮኔት በጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶ ኢሲጂው ካልተስተካከለ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። የብሪታንያ የኩላሊት ሐኪሞች መመሪያ ደግሞ 30 ሚሊ ሊትሩን በ10 ደቂቃ ይላል። የትኛውንም ብትከተሉ ታካሚው ሞኒተር ላይ ይሁን። ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፤ በዝግታ ይሰጣል። ቢካርቦኔት በሄደበት መስመር ሳታጥቡ ካልሲየም አትስጡ፤ ውስጡ ይረጋል። ሴፍትሪያክሶን ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋርም እንዲሁ አይገናኝ።

ካልሲየም ከተሰጠ በኋላ ፖታሲየሙ ተለክቶ ያው ቢሆን አትደንግጡ። ሥራው ያ አልነበረም። የምታዩት ኢሲጂውን ነው።

ወደ ሴል ለመግፋት፦ ኢንሱሊን ወይስ ሳልቡታሞል?

ነርስ ብዙ የምትደክመው እዚህ ጋ ነው፤ ብዙ ስህተትም የሚሠራው እዚሁ ነው።

ኢንሱሊን አስተማማኙ ነው። ሬጉላር ኢንሱሊን 10 ዩኒት በደም ሥር ከ25 ግራም ግሉኮስ ጋር ይሰጣል። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። ፖታሲየሙን ከ0.6 እስከ 1.2 ያህል ያወርዳል።

ሂሳቡን እንሥራው። 40 በመቶ ግሉኮስ በ100 ሚሊ ሊትር 40 ግራም ይይዛል። ለ25 ግራም 62.5 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ባለ 20 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ከሆነ በእጃችሁ ያለው፣ አንዱ 8 ግራም ነው፤ ሦስቱ 24 ግራም ይሆናሉ። አንድ ብልቃጥ ብቻ ሰጥቶ «ግሉኮስ ሰጥቻለሁ» ማለት አይቻልም። ኢንሱሊኑ ደግሞ በሚሊ ሊትሩ 100 ዩኒት ከያዘ 10 ዩኒት ማለት 0.1 ሚሊ ሊትር ነው። በተራ ሲሪንጅ ይህን መለካት ያሳስታል፤ 1 ሚሊ ሊትር የሳበ ሰው 100 ዩኒት ሰጠ ማለት ነው። የኢንሱሊን ሲሪንጅ ተጠቀሙ። ሌላ ነርስም ቁጥሩን ትይላችሁ።

አንድ ሌሊት የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ነበሩ፤ ኩላሊታቸው የደከመ፣ ፖታሲየማቸው 6.9። ካልሲየም ሰጠን፣ ኢንሱሊንና ግሉኮስ ሰጠን። በአንድ ሰዓት ውስጥ ኢሲጂው ተስተካከለ፤ ስኳራቸውንም ለካሁ፣ ደህና ነበር። እኔም ወደ ሌሎች ታካሚዎች ዞርኩ። ከሦስት ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ልጃቸው መጣች። «ሲስተር፣ እማዬ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ግን ልብሷ ሁሉ ርሷል» አለችኝ። ስደርስ ግንባራቸው ቀዝቅዟል፤ ላቡ ትራሱን አርሶታል። ስጠራቸው አይመልሱም። ስኳራቸው 38 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነበር። 40 በመቶውን ግሉኮስ በደም ሥር ስንሰጣቸው ዓይናቸውን ገልጠው ውሃ ጠየቁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አንድ ጊዜ ለክቼ አቆምኩ።

ኩላሊት ኢንሱሊንን ከሰውነት ከሚያስወጡት አንዱ ነው። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊኑ ይቆያል፤ የሰጠነው ግሉኮስ ግን ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ ስኳሩ ኢንሱሊኑን ከመስጠታችሁ በፊት፣ በመጀመሪያው ሰዓት በ15ኛውና በ30ኛው ደቂቃ፣ ከዚያ በየሰዓቱ እስከ 6ኛው ሰዓት ድረስ ይለካ። ከመጀመሪያው ስኳሩ ከ126 በታች የሆነ ታካሚ ይበልጥ ያስፈራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ኢንሱሊኑን ተከትሎ 10 በመቶ ግሉኮስ በድሪፕ፣ በሰዓት 50 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሰዓት እንዲቀጥል የሚያዝዙ መመሪያዎች አሉ። ኢንሱሊኑን ወደ 5 ዩኒት የሚቀንሱም አሉ። ስኳሩ ከ250 በላይ ከሆነ ደግሞ ግሉኮሱ ላያስፈልግ ይችላል። ለሐኪሙ ስትደውሉ ፖታሲየሙን ብቻ ሳይሆን ስኳሩንም አብራችሁ ንገሩት።

ሳልቡታሞል ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ይመስላል። የደም ሥር አይፈልግም፣ ስኳር አይጥልም። ካኑላ እምቢ ባለበት ታካሚ ላይ ጊዜ ይገዛል። በ30 ደቂቃ ይጀምራል፣ ከ2 ሰዓት በላይ ይቆያል። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ መጠኑ የአስም መጠን አይደለም። ለአስም 2.5 ወይም 5 ሚሊ ግራም በኔቡላይዘር እንሰጣለን፤ ለፖታሲየም ከ10 እስከ 20 ነው። ኔቡላይዘር በሌለበት በፓፍ ልስጥ ካላችሁ፣ አንዱ ፓፍ 100 ማይክሮ ግራም ስለሆነ 10 ሚሊ ግራም ለመሙላት መቶ ጊዜ መንፋት ሊኖርባችሁ ነው። አራት ፓፍ ሰጥቶ «ሳልቡታሞል ወስዷል» ብሎ ቻርት ላይ መጻፍ ሐኪሙን ያሳስታል። ሁለተኛ፣ ልብን ያስሮጣል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። የልብ ደም ሥር መጥበብ ላለበት ታካሚ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይተዋል። በዚያ ላይ መድኃኒቱ የማይሠራላቸው ታካሚዎች አሉ፤ የኩላሊት ሕመምተኞች ውስጥ በተለይ።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። የደም ሥር ከተገኘ ኢንሱሊን ይቅደም። ፖታሲየሙ 6.5 እና በላይ ከሆነ፣ ልቡም ከፈቀደ፣ ሳልቡታሞል ይጨመርበት፤ ሁለቱ አብረው ሲሰጡ ከአንዱ ብቻ የበለጠ ያወርዳሉ። ሳልቡታሞልን ብቻውን የምመርጠው ሥር እስኪገኝ ነው።

ቢካርቦኔትስ? ደሙ በአሲድ ለተጠቃ ታካሚ እንጂ ለሁሉም አይደለም። በውስጡ ብዙ ሶዲየም ስላለ ያበጠ ታካሚን ያፍናል።

ለማስወጣት፦ ሽንት፣ ሰገራ ወይስ ማሽን?

የተገፋው ፖታሲየም ተመልሶ ይወጣል። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የማስወጫ መንገድ ካልተገኘ ሌሊቱን ሙሉ ያንኑ ሥራ እንደግማለን። ፖታሲየሙ ከ1፣ ከ2፣ ከ4 እና ከ6 ሰዓት በኋላ ደግሞ የሚለካው ለዚህ ነው።

የቱ እንደሚመረጥ የሚወስነው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሽንት አለ ወይ?

ሽንት ካለና ታካሚው ፈሳሽ ከበዛበት ላሲክስ ጥሩ ነው። በተቅማጥ ወይም በትውከት ለደረቀ ታካሚ ግን ላሲክስ ኩላሊቱን ይጎዳል፤ እሱ የሚፈልገው ፈሳሽ ነው። ሽንት ጭራሽ ለሌለው ደግሞ ላሲክስ ምንም አይሠራለትም። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። ሽንታቸው የቆመ አዛውንት ከመጡ ሆዳቸውን በእጃችሁ ዳስሱ። ፊኛው ከብዶና አብጦ ከተገኘ፣ ፕሮስቴት መንገዱን ዘግቶ ይሆናል። የእኚህ አባት ትልቁ መድኃኒት ካቴተር ነው።

በሰገራ ከሚያስወጡት ብዙ ጊዜ የሚነሱት ሦስት ናቸው። አሮጌው ሶዲየም ፖሊስታይሪን ሰልፎኔት፣ በንግድ ስሙ ካይኤክሳሌት፣ በአሜሪካ ከ1958 ጀምሮ አለ። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ሰዓታት ይፈጃል። ከሶርቢቶል ጋር ሲሰጥ የአንጀት ግድግዳ የመሞት አደጋ ታይቶበታል። ከቀዶ ሕክምና የወጣ ወይም አንጀቱ የቆመ ታካሚ ከሆነ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። አዲሶቹ ፓቲሮመርና ሶዲየም ዚርኮኒየም ሳይክሎሲሊኬት ናቸው፤ በአሜሪካ የተፈቀዱት በ2015 እና በ2018 ነው። የመጀመሪያው ለመጀመር ወደ 7 ሰዓት ይፈልጋል፤ ለቀጣይ ሕክምና እንጂ ለድንገተኛ አይሆንም። ሁለተኛው በአንድ ሰዓት አካባቢ ይጀምራል፤ በውስጡ ግን ሶዲየም ስላለ እብጠት ይከታተሉበት። አሜሪካና አውሮፓ የምትሠሩ ወገኖቼ እነዚህን በየቀኑ ታገኟቸው ይሆናል። ፓቲሮመርን ከሌሎች የሚዋጡ መድኃኒቶች በ3 ሰዓት አራርቁት።

የኩላሊት እጥበት ከሁሉም ይበልጣል። ሽንት ለሌለው፣ በመድኃኒት እምቢ ላለው፣ ቀድሞም እጥበት ላይ ላለ ታካሚ ምርጫው ይኸው ነው። ችግሩ በየከተማው አለመኖሩና ወጪው ነው። ሆስፒታላችሁ ማሽን ከሌለው የሪፈር ስልኩ የሚደወለው ኢንሱሊኑ ሲጀመር ነው፤ ሲያልቅ ከሆነ ይዘገያል። በመንገድ ላይም ካልሲየምና ግሉኮስ በእጃችሁ ይኑር። እጥበት የሚያደርግ ታካሚ ሲመጣ ደግሞ «መጨረሻ የታጠቡት መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በገንዘብ ምክንያት በሳምንት ሦስቱን ሁለት ያደረጉ ብዙ ናቸው። አደገኛው ቀን ከረጅሙ ክፍተት በኋላ ያለው ነው።

ተረኛ ስትቀያየሩም «ፖታሲየሟ ወርዷል» ብላችሁ ብቻ አትሂዱ። ኢንሱሊን በስንት ሰዓት እንደወሰደች፣ ስኳር እስከ ስንት ሰዓት እንደሚለካ፣ የሚቀጥለው ደም መቼ እንደሚላክ፣ ሽንቷ ስንት እንደሆነ ተናገሩ።

ወደ ቤት ሲሄዱ፦ ምግብ ወይስ መድኃኒት?

ብዙ ጊዜ ወቀሳው ሙዝ ላይ ነው። ሙዙም አለበት፤ ጠያቂ ሁሉ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዱም አንድ ብርጭቆ ስፕሪስ። አቮካዶ፣ ድንች፣ ቲማቲምና የቲማቲም ድልህ፣ ቀይ ሥር፣ ተምር ሁሉም ፖታሲየም አላቸው። ድንችን ልጦ፣ ቆራርጦ፣ በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ይረዳል። ምስርና ባቄላም እንዲሁ። ሽሮ ግን ዱቄት ነው፤ የሚደፋ ውሃ የለውም። ስለዚህ ለሽሮ መጠኑን መቀነስ እንጂ ሌላ ዘዴ የለም። ሁዳዴን ሙሉ በሽሮና በድንች ለሚጾም የኩላሊት ታካሚ ይህን ማስረዳት ያስፈልጋል። በረመዳን በተምር ለሚያፈጥረውም። «ለጤና የሚስማማ» ተብሎ የሚሸጠው ሶዲየም የቀነሰ ጨው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የፖታሲየም ጨው ነው። እሱ ጨርሶ አይሁን።

እኔ ግን ምግብ ላይ ከመድረሴ በፊት የመድኃኒት ቦርሳውን አስከፍታለሁ። ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን። ከእነዚህ ሁለትና ሦስቱ በደከመ ኩላሊት ላይ ሲገናኙ ሙዝ ከሚያደርሰው የበለጠ ያደርሳሉ። ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ለልብ ስለሚጠቅሙ ይቁሙ፣ ይቀነሱ ወይስ ይቀጥሉ የሚለውን ሐኪሙ ይወስናል። የሕመም ማስታገሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ትእዛዝ የተገዛ ነው።

እኚያ እናት ሲወጡ ልጃቸው ቦርሳውን አልጋው ላይ ዘረገፈችው። ኢናላፕሪል ነበር፣ ስፓይሮኖላክቶን ነበር። ከታች ደግሞ ግማሹ ያለቀ አይቡፕሮፌን ወጣ። «ለጉልበቷ ነው፤ ከሰፈር ፋርማሲ ነው የምንገዛው» አለች። ምን እንደሚያደርግ ነገርኳት። እሽጉን ገልብጣ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ከሥሩም «ለእማዬ አይገዛም» ብላ ጽፋ ለወንድሞቿ ላከችላቸው።